ከነጥብ ወደ ግምት፣ ከግምት ወደ ውሳኔ፦ ትኩረት የሚሹ በሽታዎች ካርታ እንዴት ይሠራል?

ትኩረት የሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች በአንድ አገር ውስጥ እንኳ እኩል አይሰራጩም። ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው ዝሆኔ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚውለውን ገበሬ ይይዛል። ቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ከሚራባበት ሐይቅ፣ ወንዝና የመስኖ ቦይ አይርቅም። ኦንኮሰርካያሲስ ጥቁር ዝንብ የሚፈለፈልበትን ፈጣን ወንዝ ይከተላል፤ ትራኮማ ደግሞ ውኃ በራቀበትና ዝንብ በበዛበት መንደር የሕፃናትን ዓይን ያጠቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ኖማ የተባለውን በሽታ በዝርዝሩ ላይ ሲጨምር 21 የደረሱት እነዚህ በሽታዎችና የበሽታ ቡድኖች ምክንያታቸው ይለያያል፤ ተሕዋሱ፣ አስተላላፊውና መድኃኒቱም እንዲሁ። የሚያመሳስላቸው ድሃውን መምረጣቸውና ከቦታ ጋር መቆራኘታቸው ነው። ስለዚህ «በምን ይታከማል?» ከሚለው ጥያቄ እኩል «የት አለ?» የሚለው ጥያቄ የመቆጣጠሩን ሥራ ይወስናል።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ከጤና ጣቢያ መዝገብ አይገኝም። እግሩ ያበጠ ሰው ሕመሙን የእግዜር ቁጣ ወይም የዘር ጣጣ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ቢሄድም የሚረዳው ስለማያገኝ፣ ብዙ ጊዜ ጤና ጣቢያ አይሄድም። መዝገቡ የሚያሳየው የጤና ተቋም ያለበትን ቦታ እንጂ በሽታው ያለበትን አይደለም። ሌላው መንገድ ቤት ለቤት ዞሮ መመርመር ነው፤ ይህም በመቶ ሺህ ለሚቆጠሩ መንደሮች ገንዘቡም ጊዜውም አይበቃም። የሚቻለው ጥቂት ቦታዎችን መርጦ መመርመርና ባልተመረመሩት መካከል ምን ሊኖር እንደሚችል በሥርዓት መገመት ነው። ይህን ግምት በሒሳብ ሕግ የሚገዛው የቦታ ስታቲስቲክስ፣ በተለይም ጂኦስታቲስቲክስ የሚባለው ዘርፍ ነው።

በሽታን በካርታ ማስፈር ከዚህ ሳይንስ ይቀድማል። ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ሶሆ ሰፈር በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ አመልክቶ፣ ሞቱ በአንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ መከማቸቱን አሳይቷል። ያ ካርታ የሚያውቀውን ብቻ ነበር የሚያሳየው። ያልታየውን የመገመት ጥበብ የመጣው ከማዕድን ቁፋሮ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጥቂት ጉድጓዶች ናሙና ተነሥቶ በመካከላቸው ያለውን የወርቅ መጠን የሚገምትበትን ዘዴ አበጀ፤ ፈረንሳዊው ዦርዥ ማትሮን በ1960ዎቹ የሒሳብ መሠረት ሰጠውና በባለቤቱ ስም «ክሪጊንግ» አለው። ዘዴው ወደ ሕክምና ዓለም በወጉ የገባው ፒተር ዲግል ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 «በሞዴል ላይ የተመሠረተ ጂኦስታቲስቲክስ» የተባለውን አካሄድ ካሳተመ በኋላ ነው። ወርቅ በግራም ይመዘናል፤ በሽታ ግን የሚለካው ከተመረመሩት ስንቱ እንደተገኘበት በመቁጠር ነው። የ1998ቱ ሥራ ይህን ልዩነት ከሥሩ አስተካከለ።

የስሌቱ መነሻ ሐሳብ ማንም ገበሬ የሚያውቀው ነው፤ የተቀራረቡ ቦታዎች ከተራራቁት ይልቅ ይመሳሰላሉ። ስታቲስቲክሱ የሚጨምረው መመሳሰሉ በስንት ኪሎ ሜትር ርቀት እንደሚደክምና በስንት ላይ እንደሚጠፋ ከመረጃው ራሱ መለካትን ነው። ሁለት መንደሮች 5 ኪሎ ሜትር ሲራራቁ ውጤታቸው ምን ያህል ይለያያል? 20 ሲሆንስ? 100 ሲሆንስ? በዚህ መንገድ ከሚገኘው መስመር የእያንዳንዱ ጎረቤት ምስክርነት ክብደት ይወጣል። ለትራኮማ መስመሩ ረጅም ሊሆን ይችላል። ለቢልሃርዚያ ግን አጭር ነው፤ አንዱ ትምህርት ቤት ከሐይቁ ዳር፣ ሌላው ከኮረብታው ላይ በመሆኑ ብቻ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ልዩነት አንዱ ጋ አብዛኛው ተማሪ ተይዞ ሌላው ጋ አንድም ላይገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ምሰሶ አካባቢው ራሱ ነው። ሳተላይት የመሬቱን ከፍታ፣ የዝናቡን መጠን፣ የሙቀቱን ደረጃና የዕፅዋቱን ልምላሜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ያህል ቁራሽ ይሰጣል፤ የአፈር ካርታም አለ። ሞዴሉ በተመረመሩት መንደሮች በበሽታውና በእነዚህ ነገሮች መካከል ያለውን ዝምድና ይማርና ሰው ወዳልደረሰባቸው ቦታዎች ይወስደዋል። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ የናሙናው ትንሽነት ነው። በአንድ መንደር 100 ሰው ተመርምሮ በ4ቱ ላይ በሽታው ቢገኝ፣ ስርጭቱ 4 በመቶ ነው ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን እውነተኛው መጠን ከ1 በመቶ ጥቂት ከፍ ካለው እስከ 10 በመቶ ገደማ የትም ሊሆን ይችላል። ለብቻው የቆመ መንደር ይህን ያህል ጥቂት ነው የሚናገረው። ጎረቤቶቹና መልክዓ ምድሩ ሲጨመሩ ክፍተቱ ይጠባል፤ የዘዴው ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው።

ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ከኢትዮጵያው የዝሆኔ ካርታ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ዝሆኔ ሁለት መልክ አለው። አንዱ በትንኝ በሚተላለፍ ትል የሚመጣው ሊምፋቲክ ፋይላሪያሲስ ነው፤ ሌላው ፖዶኮኒዮሲስ ተላላፊ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት ሁለተኛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። የአፈሩ ብናኝ በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል፤ በዓመታት ውስጥ እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተመራ የዘረመል ጥናት ደግሞ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አረጋገጠ። ሁሉም ባዶ እግሩን በሚሄድበት መንደር ሁሉም የማይታመመው በዚህ ነው።

ሁለቱ ዝሆኔዎች በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚጠይቁት እርምጃ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ፋይላሪያሲስ ባለበት ወረዳ ሕዝቡ ሁሉ በየዓመቱ መድኃኒት ይውጣል። ፖዶኮኒዮሲስ ባለበት ወረዳ መድኃኒት ማደል ምንም አይፈይድም፤ የሚያስፈልገው ጫማ፣ ሳሙና፣ ውኃና የቆዳ እንክብካቤ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2013 በኢትዮጵያ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያስስ አገር አቀፍ ዳሰሳ ተካሄደ። ቡድኑ በየወረዳው ወደ ሁለት መንደሮች እየሄደ በእያንዳንዳቸው ወደ 100 ከሚጠጉ ከ15 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች ከጣት ጫፍ ጠብታ ደም ወስዶ የፋይላሪያውን ትል ምልክት በካርድ ምርመራ ፈተሸ። እግሩ ያበጠ ሰው ሲገኝ እብጠቱ ከየት እንደጀመረ ይጠየቃል፤ ከእግር መዳፍ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ እብጠት ወደ ፖዶኮኒዮሲስ ያመለክታል፣ ከላይ የጀመረ ወደ ፋይላሪያ። በመጨረሻም የመንደሩ ቦታ በጂፒኤስ ይመዘገባል። ለሒሳቡ ወሳኙ ይህቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ተግባር ናት፤ ያለ እርሷ የደሙ ውጤት ሁሉ በካርታ ላይ መቀመጫ አይኖረውም።

በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ከበደ ደሪቤ መሪነት የወጣው ትንተና የ1,315 መንደሮችን ወደ 130,000 የሚጠጉ ጎልማሶች መረጃ ያቀፈ ነበር። የፖዶኮኒዮሲስ ስርጭት በተጠኑት መንደሮች 4 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የአካባቢው ሞዴል ደግሞ በሽታው ዓመታዊ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በሚበልጥበትና ከፍታው ከ1,000 እስከ 2,800 ሜትር በሆነ ምድር ላይ እንደሚመቸው አሳየ። ከዚያ በታች ያለው ደረቅ ቆላና ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ያለበት ደጋ አይስማማውም። ለበሽታው አመቺ የሆኑ ቦታዎች ያሉባቸው ወረዳዎች 345 ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የሕዝብ ቁጥር ሲሰላ ወደ 35 ሚሊዮን ሰው፣ ማለትም ከአገሪቱ ሕዝብ 44 በመቶ ገደማ፣ በዚህ ምድር ላይ ይኖር ነበር። ከዳሰሳው በፊት በወላይታ፣ በጎጃምና በጥቂት ሌሎች አካባቢዎች የታወቀ ችግር ብቻ ይመስል የነበረው በሽታ የአገር ጉዳይ መሆኑ በቁጥር ተገለጠ። ተመሳሳይ አካሄድ በኋላ በሩዋንዳ ሲደገም፣ በ2017 ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ታይተው 914 ሕሙማን ተገኙ፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ከአገሪቱ 30 ወረዳዎች በአንዳቸውም ሳይታጣ በሁሉም ተበትኖ ነበር። ያ ሥርጭት ሁለቱ አገሮች አንድ ዓይነት ዕቅድ እንደማይስማማቸው ይናገራል።

ቀጣዩ ጥያቄ ስንት ሰው ታሟል የሚል ነበር። ጂኦስታቲስቲክሳዊው ስሌት በ2015 በኢትዮጵያ ከፖዶኮኒዮሲስ ጋር የሚኖሩ ጎልማሶች ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርሱ፣ ከእነዚህም 99 በመቶዎቹ በኦሮሚያ፣ በአማራና በያኔው የደቡብ ክልል እንደሚገኙ ገመተ። ይህ ቁጥር በየሪፖርቱ ይጠቀሳል። አብሮት የወጣው የግምት ወሰን ግን እምብዛም አይጠቀስም፤ ከ290 ሺህ ገደማ እስከ 4.6 ሚሊዮን ገደማ ይዘልቃል። ይህን አይቶ ጥናቱን ደካማ ነው ማለት ስሕተት ነው። ጥናቱ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ በግልጽ ተናግሯል፤ ጉድለቱ ያለው መካከለኛውን ቁጥር ብቻ ቆርጦ በሚወስደው አንባቢ ዘንድ ነው። የቦታ ስታቲስቲክስ ከማንኛውም ባለቀለም ካርታ የሚለየው፣ ከግምቱ ጋር የግምቱን ድክመት ልክ አድርጎ ስለሚያስረክብ ነው። ይህን ሁለተኛውን ካርታ የጣለ የጤና ቢሮ የከፈለበትን ዕውቀት ግማሹን ጥሏል።

የግምቱ ድክመት ለምን እንደሚያስፈልግ ከውሳኔ አንጻር ሲታይ ይገባል። የመቆጣጠሪያ መርሐ ግብሮች የሚሠሩት በገደብ ነው። ስርጭቱ ከተወሰነ መጠን ካለፈ መድኃኒት ይታደላል፣ ካላለፈ አይታደልም። ሁለት ወረዳዎች ሁለቱም 4 በመቶ ተገመቱ፣ ገደቡ ደግሞ 5 በመቶ ነው እንበል። የአንደኛው ወሰን ከ3 እስከ 4.5 ከሆነ ከገደቡ በታች መሆኑ የታመነ ነው። የሁለተኛው ከ1 እስከ 11 ከሆነ ግን ምንም አልታወቀም። በተራ ካርታ ሁለቱም አንድ ቀለም ይቀባሉ። ስለዚህ የተሻለው ካርታ «ስርጭቱ ስንት ነው?» ብሎ ሳይሆን «ስርጭቱ ከገደቡ በላይ የመሆኑ ዕድል ምን ያህል ነው?» ብሎ የሚመልስ ነው። ዕድሉ ለመቶ የቀረበበት ወረዳ ይታከማል፤ ለዜሮ የቀረበበት ይተዋል። መካከል ላይ የቀረው ወረዳ ደግሞ ቀጣዩ የዳሰሳ ቡድን ሊላክበት የሚገባው ቦታ ነው።

ይህ አስተሳሰብ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው በመካከለኛው አፍሪካ ነው። ኩባንያው ሜርክ ከ1987 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው ኢቨርሜክቲን፣ በማሸጊያ ስሙ ሜክቲዛን፣ ለኦንኮሰርካያሲስ ፍቱን መድኃኒት ነው። ሎአ ሎአ የተባለ ሌላ ትል በደሙ ውስጥ እጅግ የበዛበት ሰው ሲውጠው ግን ትሎቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ አንጎልን ሊጎዱት ይችላሉ፤ በ1990ዎቹ በካሜሩን በዚህ ምክንያት ራሳቸውን የሳቱና የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ መድኃኒቱን ከማደል በፊት ሎአ ሎአ የት እንደበዛ ማወቅ ግድ ሆነ። ደም መመርመር በጫካ ውስጥ ከባድ ነበርና ቀላል መጠይቅ ተዘጋጀ። ትሉ አንዳንድ ጊዜ በዓይን ነጭ ላይ ሲያልፍ ይታያል፤ ስለዚህ ለመንደሩ ሰው የዓይን ትል ፎቶግራፍ እየታየ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞት ያውቅ እንደሆነና ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ጠፍቶ እንደሆነ ይጠየቃል። በመንደሩ ከ40 በመቶ በላይ «አዎ» ካለ፣ በደም ምርመራ 20 በመቶ አካባቢ ከሚሆነው አደገኛ ደረጃ ጋር ይመጣጠናል።

መጠይቁ በ11 አገሮች በ4,798 መንደሮች ተካሂዶ ውጤቱ በ2011 በጂኦስታቲስቲክስ ካርታ ወጣ፤ ከፍተኛ አደጋ ባለበት ምድር ወደ 14.4 ሚሊዮን ሰው እንደሚኖር ተገመተ። ዲግልና ባልደረቦቹ ከዚያ ቀደም ብለው በ2007 ለካሜሩን ያሳተሙት ካርታ በትክክል ያ የዕድል ካርታ ነበር፤ እያንዳንዱ ቦታ ከ20 በመቶው ገደብ የማለፉ ዕድል ተሰልቶ ቀረበበት። የካርታው ድርሻ ጥንቃቄ የሚያሻበትን ምድር መለየት ነው፤ በዚያ ምድር ውስጥ የትኛው ሰው አደጋ ላይ እንደሆነ አይናገርም። ይህን የሞላው በሞባይል ስልክ የተሠራ ማይክሮስኮፕ ነው። በ2015 በካሜሩኗ ኦኮላ የእያንዳንዱ ሰው ደም ጠብታ ወዲያውኑ እየታየ፣ ትሉ የበዛባቸው 2 በመቶ ያህል ሰዎች ብቻ ተለይተው ከ15,000 በላይ የሚሆኑት መድኃኒቱን ያለ ከባድ ጉዳት ወሰዱ። ካርታውና የግለሰብ ምርመራው ተደጋግፈው የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም።

በትራኮማ በኩል ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ዓለም አቀፉ የትራኮማ ካርታ ሥራ በታኅሣሥ 2012 በኦሮሚያ ተጀምሮ እስከ ጥር 2016 በ29 አገሮች በ1,546 ወረዳዎች 2.6 ሚሊዮን ሰው መረመረ። መርማሪዎቹ በአንድ ዓይነት ሥልጠና አልፈዋል፤ መረጃውም በስማርት ስልክ ወዲያውኑ ይላክ ስለነበር ስሕተት ቶሎ ይያዛል። ያ ሥራ እያንዳንዱን ወረዳ ለብቻው የሚለካ ነበር፤ ስርጭቱ ከፍ ባለ ጊዜ ይህ በቂ ነው። አስቸጋሪው ምዕራፍ በሽታው ሲቀንስ ይመጣል። ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች የነቃ ትራኮማ ምልክት ያለባቸው ከ5 በመቶ በታች መሆናቸው መረጋገጥ ሲኖርበት፣ ጥቂት መንደሮችን ብቻ ያየ ዳሰሳ አንድ ጊዜ 4.6፣ ሌላ ጊዜ 5.3 ሊያመጣ ይችላል። ውሳኔው በዕጣ የመጣ ያህል ይሆናል። የጎረቤት ወረዳዎች መረጃና ያለፉት ዓመታት ውጤት አንድ ላይ ሲተነተኑ ግን በተመሳሳይ ናሙና የተረጋጋ ግምት ይገኛል። የማጥፋት ዘመቻ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ የስታቲስቲክስ ጥቅም የሚጨምረው ለዚህ ነው፤ ጥቂት የቀሩ ሕሙማንን በሰፊ አገር ውስጥ መፈለግ በብዙዎች ውስጥ ብዙዎችን ከመፈለግ እጅግ ይከብዳል።

ካርታው የማያያቸው ነገሮችም አሉ። ካላዛር በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ይበልጥ የሚታወቀው በሁመራና በመተማ ቆላ፣ በሰሊጥ እርሻ ለጉልበት ሥራ በሚወርዱ ወጣቶች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ምድር፣ ወረርሽኝ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ሰዎች ሲሞቱ መድኃኒት የተላመደ ወባ ይመስል ነበር። በዚያን ዘመን በነበረ መረጃ የተሠራ ሞዴል ቢኖር ኖሮ አካባቢውን ከአደጋ ነፃ ባደረገው ነበር፤ የተማረው በሽታው ቀድሞ ከታየበት ቆላ ብቻ ነውና። የሚንቀሳቀስ ሰው ሁለተኛ ችግር ያመጣል። ሞዴሉ የሕመሙን ቦታ የሚያስቀምጠው ሰውየው በሚኖርበት ቤት ላይ ነው፤ የተያዘው ግን ከቤቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል። ለአርብቶ አደር ማኅበረሰብ «የመኖሪያ ቦታ» የሚለው ነጥብ ራሱ በወቅት ይቀያየራል።

የአስተዳደር ወሰንም ከበሽታ ወሰን ጋር አይገጥምም። መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚታደለው በወረዳ ነው፤ ወረዳው በአማካይ ሲታይ ቢልሃርዚያ ጥቂት ይመስላል፣ በሐይቁ ዳር ያሉት ቀበሌዎች ግን በበሽታው ተውጠው ይኖራሉ። አማካዩ ለሐይቅ ዳሩ ልጅ መድኃኒት ይነፍገዋል፣ ለኮረብታው ልጅ ያለ ምክንያት ይሰጠዋል። የቀበሌ ደረጃ ካርታ ይህን ያስተካክላል፤ የሚጠይቀው ግን የተቀራረቡ የናሙና ነጥቦችን ነው፣ ሳተላይት ብቻውን አይተካቸውም። በኢትዮጵያ ደግሞ ወረዳዎች በየጊዜው ይከፈላሉ፣ ስማቸውም ይለወጣል። የዛሬ አሥር ዓመት በወረዳ ስም ብቻ የተመዘገበ ውጤት ዛሬ የየትኛው እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። በጂፒኤስ የተመዘገበው ግን ወሰኑ አሥር ጊዜ ቢቀየርም ቦታውን አይለቅም። የዳሰሳ መረጃ ከወረዳ ስሙ ጋር ኬክሮስና ኬንትሮሱ ተጽፎ መቀመጡ ከየትኛውም ውድ ሶፍትዌር የሚበልጥ ኢንቨስትመንት ነው፤ ትንተናው ራሱ አር በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራልና።

ካርታ ያረጃልም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት የመድኃኒት እደላና ዳሰሳ በብዙ ወረዳዎች ተቋርጧል፤ ሕዝብ ተፈናቅሏል፤ የቀድሞው ግምት በእነዚህ ቦታዎች ላይ ያለው ሚዛን ቀንሷል። ጊዜን የሚያካትት ሞዴል ያለፈው መረጃ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚደክም ያሰላል፤ በዚህም የግምቱ ወሰን እየሰፋ ሲሄድ ድጋሚ ዳሰሳ የሚሻው ቦታ በራሱ ይለያል።

በመጨረሻ የሕሙማኑ ክብር አለ። ፖዶኮኒዮሲስ ያለበት ቤተሰብ ልጁን ለመዳር ይቸገራል፤ ሕሙማን ከለቅሶና ከሠርግ የሚሸሹበት፣ ልጆች ከትምህርት የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዕቅድ የሚያገለግለው የመንደር ደረጃ ካርታ በይፋ ሲታተም «የዝሆኔ መንደር» የሚል ማኅተም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ውጤት ማዘጋጀት ይገባል፤ ለሕዝብ የወረዳ ደረጃው፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደግሞ ትክክለኛው ነጥብ። ሕሙማኑን ቤታቸው ድረስ ሄዳ እግር ማጠብን፣ ማድረቅን፣ ቅባት መቀባትንና ጫማ ማድረግን የምታስተምረው እርሷ ናትና፣ ነጥቡ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ለእርሷ ነው።